የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበርና የሰበካ ልማት፦ ከሐርላና ከድሬዳዋ አንጻር



በየአጥቢያው የልማት ነገር ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበው የሚከራይ ሱቅ ነው። በቅጥሩ ዙሪያ ያለው ቦታ ይለካል፤ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ሱቆቹ ይሠራሉ፤ ኪራዩም ለካህናት ደመወዝና ለሕንጻ እድሳት ይውላል። ይህ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ብዙ አጥቢያዎች ከስእለትና ከሙዳየ ምጽዋት ብቻ ከሚገኝ ገቢ የተላቀቁት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ኪራዩ የአጥቢያውን ካዝና ሲሞላ የምእመኑን ቤት አይሞላም። ሱቁ በተከፈተ ማግሥት ቆሞ ሲያስቀድስ የነበረው ሥራ ፈት ወጣት ከሱቁ ዕቃ ገዥ እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር መነሣቱን እንሰማለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ከሱቅ ኪራይ ጎን ለጎን ሊታሰብ የሚገባውን ሌላ መንገድ፣ ማለትም ሠራተኞች ራሳቸው የሥራቸው ባለቤቶች የሚሆኑበትን የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አሳቡ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ ክፉ ትዝታም አለው። ስለዚህ መልካሙንም ክፉውንም ሳንደብቅ፣ ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ፣ ከምን ደግሞ እጁን ሊሰበስብ እንደሚገባው እናያለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካለችው ከሐርላ ነው።

ባለቤቱ የሚለዋወጥባት ከተማ

ድሬዳዋን የቆረቆራት ሥራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ የሐረርን ዳገት ትቶ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ በጣቢያውና በጥገና ዎርክሾፑ ዙሪያ ከተማ በቀለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ይዞታ ዞሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል የማዛወር ዘመን መጣ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ አሮጌው ሐዲድና የለገሃሬ ዎርክሾፕ ወደ ታሪክነት ተጠጉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ተከፈተ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ አንድ ጊዜ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ አንድ ጊዜ መንግሥት፣ አንድ ጊዜ ባለ ሀብት። በቶርኖ ቆሞ ለሎኮሞቲቭ መለዋወጫ የሚቀርጸው ሠራተኛ ግን በየትኛውም ዘመን ባለቤት አልነበረም። ባለቤቱ ሲሄድ ወይም ሲደክም እጁ ላይ የቀረው ሙያው ብቻ ነው፤ ሙያ ደግሞ ማሽንና ደንበኛ ከሌለው የጡረታ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። አዲሱ የንግድ ቀጠና የሚያመጣው ሥራ በደስታ የምንቀበለው ነው። ሆኖም ከምድር ባቡሩ የተማርነው ነገር ካለ፣ የአንድ ከተማ ኑሮ በሙሉ ሌላ ቦታ ሆኖ በሚወስን ባለቤት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል እንደማይገባ ነው።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ምስክር አላት። የአካባቢው ሰው የፈረሱትን የድንጋይ ግንቦች እያየ ጥንት በዚያ ግዙፋን ይኖሩ እንደ ነበር ሲተርክ ኖሯል። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ግን ያገኘው የግዙፋንን ሳይሆን የባለ ሙያዎችን አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ከሆኑት ግኝቶች መካከል በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ ጌጣ ጌጥ ይሠራባቸው የነበሩ ቤቶች ቅሪት፣ የመስታወት ጨሌዎች፣ ከግብፅ የመጡ ሳንቲሞችና ከቻይና የመጡ የሸክላ ስብርባሪዎች ይገኙባቸዋል። ለዓለም ገበያ የሚሠራ የእጅ ሙያ በዚህች ቀበሌ ከ800 ዓመት በፊት ነበረ ማለት ነው። ዛሬ በዚያው ስፍራ ያለ ወጣት ሙያ አይዋጣለትም ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ምን ዓይነት ማኅበር ነው?

እድርን የማያውቅ ሰበካ ጉባኤ የለም። እድር ውስጥ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላል፤ ዳኛውን ሁሉም በእኩል ድምፅ ይመርጣል፤ ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ፊት ሒሳብ ያቀርባል። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበርም በሙሴያቸው ሥር የሚመሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ይህንኑ ሥርዓት ከኀዘን ድንኳንና ከዝክር ቤት አውጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ይወስደዋል። የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ዕጣ ገዝተው ባለቤት ይሆናሉ። ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። ከወጪ የተረፈውም በዋናነት እንደ ሠሩት ሥራ መጠን ይከፋፈላል። (በሕጉ «ዕጣ» የተባለው ከእቁብ ዕጣ ጋር መመሳሰሉ አንዳንዴ ግር ያሰኛል፤ በማኅበሩ ዕጣ ማለት የባለቤትነት ድርሻ እንጂ የሚወጣ ዕድል አይደለም።)

ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍለው የሸማቾች ማኅበር ከዚህ ይለያል፤ የዚያ ባለቤቶች ገዥዎቹ ናቸው። የገበሬዎች ሁለገብ ማኅበርም ይለያል፤ እዚያ እያንዳንዱ ገበሬ በየራሱ ማሳ ሠርቶ ማዳበሪያ ለመግዛትና ምርት ለመሸጥ ብቻ ይተባበራል። በሠራተኞች ማኅበር ግን ሥራው ራሱ የጋራ ነው።

ካህናት አባቶች ይህን ሲሰሙ የአንድነት ገዳማት ሥርዓት ወይም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እና 4 የተጻፈው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ኑሮ ሊታሰባቸው ይችላል። ዝምድና አለው፤ ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። በአንድነት ገዳም መነኩሴው የግል ገንዘብ የለውም፤ መጋቢው ያዘዘውን ይሠራል፤ ከአንድ ማዕድ ይበላል። የማኅበር አባል ግን ቤቱ፣ ልጆቹና ገንዘቡ የራሱ ናቸው፤ በማኅበሩ ያለው ድርሻም በስሙ ተጽፎ ይቀመጣል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን የወቀሰው ገንዘቡን ለምን አልሰጠህም ብሎ አልነበረም፤ ርስቱ ሳይሸጥም ከተሸጠ በኋላም በእጁ እንደ ነበረ አስታውሶ የወቀሰው ስለ መደበቁ ነው። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ከዚህ ክፍል የሚወሰደው ይኸው ነው፤ አባልነቱ በፈቃድ፣ ሒሳቡ በግልጥ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆኖ ሠራተኞቹ አክሲዮን የሚይዙበት። በአሜሪካና በእንግሊዝ ብዙ ድርጅቶች በዚህ ይሠራሉ። ደካማ ጎኑ፣ አክሲዮኑ የሚሸጥ ከሆነ የቸገረው ሠራተኛ ለባለ ገንዘብ እየሸጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ እንደ ማንኛውም ኩባንያ መሆኑ ነው። ለትንሽ የሰፈር ሥራ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሻላል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፉው ትዝታ

በዕድሜ የገፉ ምእመናን «ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ቢጠቁር አይፈረድባቸውም። በደርግ ዘመን የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከመልባ ወደ ወልባ፣ ከወልባ ወደ ወላንድ ደረጃ በደረጃ እንዲያድጉ ታቅዶ ነበር። በሬና መሬት የጋራ ሆነ፤ ሥራው በነጥብ ይመዘገብ ጀመር። መንግሥት ለእነዚህ ማኅበራት በግብርም፣ በብድርም፣ በማዳበሪያም ቅድሚያ ይሰጥ ስለ ነበር ከውጭ ሲታዩ የጠነከሩ ይመስሉ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና ገበሬው ከፈለገ ማኅበሩን ሊያፈርስ እንደሚችል ሲነገር ግን፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ መሬቱንና በሬዎቹን ተከፋፍለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ሐበሻ አብሮ መሥራት አይችልም» የሚለው የተለመደ ተረት አይደለም። ያው ገበሬ በደቦና በወንፈል፣ በሐረርጌም በጉዛ፣ አብሮ ሲያርስና ሲያጭድ ኖሯል፤ ዛሬም ይኖራል። የፈረሰው አብሮ መሥራቱ ሳይሆን ሲገባ ያልተጠየቀበት፣ ሲወስን ድምፅ ያልነበረው ማኅበር ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ድካም አይተናል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስም የተደራጁ የኮብልስቶን ቡድኖች በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች ብዙ መንገድ አንጥፈዋል፤ ብዙ ወጣትም መጀመሪያ ደመወዝ ያየው በዚያ ሥራ ነው። ይሁንና ደንበኛቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የከተማው አስተዳደር። ክፍያው ሲዘገይ ይቸገራሉ፤ የመንገዱ በጀት ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። አንዳንዱም ቡድን ውስጥ ዐሥር ስሞች በመዝገብ ተጽፈው የሚሠሩት የተቀጠሩ የቀን ሠራተኞች፣ የሚወስኑትም ሁለት ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው በስም ማኅበር፣ በግብር አሠሪና ሠራተኛ ነው።

ከአውራ አምባና ከሞንድራጎን

በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የምትገኘውን አውራ አምባን ብዙዎቻችሁ በዜና ሰምታችኋል። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት ተመሠረተች። በደርግ ዘመን ነዋሪዎቿ ተገፍተው እስከ ከፋ ቦንጋ ድረስ ተሰደዋል። ሲመለሱ የጠበቃቸው መሬት ከ20 ሄክታር ያነሰ በመሆኑ በእርሻ ብቻ ሊኖሩ አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ አዞሩ። በሃይማኖት ጉዳይ ያላቸው አቋም ከእኛ ትምህርት ጋር የማይገጥም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። የሥራ ሥርዓታቸውን መመርመር ግን ይጠቅመናል። የማኅበሩ አባላት የዓመቱን ገቢ ተሳስበው ይካፈላሉ፤ በሽመና ላይ ወንድና ሴት አይለይም፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ገቢ ደግሞ ለአረጋውያንና ለችግረኞች ይውላል። መሬት ያጣ ሕዝብ በሙያና በሥርዓት ቆሞ መኖር እንደሚችል ያሳዩ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሩቅ ሀገር ቢሆንም ለካህናት አባቶች ቅርብ ነው። በሰሜን እስፓኝ፣ በባስክ ምድር፣ ሞንድራጎን በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1941 ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪዬታ የተባሉ ወጣት የካቶሊክ ቄስ ተመደቡ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ነበር፤ ድህነቱም ብርቱ ነበር። ቄሱ በመጀመሪያ ፋብሪካ አልከፈቱም። በ1943 ትንሽ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈቱና ከወጣቶቹ ጋር ለዓመታት ስለ ሥራ ክብር ተወያዩ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ከተማሪዎቻቸው አምስቱ የነጭ ጋዝ ምድጃ የሚሠራ የጋራ ድርጅት በከተማዋ ጀመሩ። በ1959 ደግሞ ለማኅበራቱ ብድር የሚሰጥ የቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው 3 እጥፍ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ዛሬ በዚያ የማኅበራት ስብስብ ውስጥ 70 ሺህ ያህል ሰዎች ይሠራሉ። ቄሱ በ1976 እስኪያርፉ ድረስ በአንዱም ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆነው አያውቁም። ያስተምሩ ነበር፤ ይመክሩ ነበር፤ ወንበሩን ግን ለሠራተኞቹ ተዉ።

የሞንድራጎን ታሪክ ውድቀትም አለበት። የቤት ዕቃ የሚያመርተው ትልቁ ማኅበራቸው ፋጎር እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሮ ተዘጋ። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ አባላት ወደ እኅት ማኅበራት ተዛውረው ሥራ አገኙ፤ ቁጠባቸውን ለማኅበሩ አበድረው የነበሩ ግን ገንዘባቸውን አጥተዋል። የጋራ ባለቤትነት ከገበያ ቅጣት አያድንም። ሲወድቁ የሚይዝ ሌላ እጅ መኖሩ ግን ጉዳቱን ቀንሷል፤ ይህም ማኅበራት ብቻቸውን ከመቆም ይልቅ በኅብረት ቢደገፉ እንደሚሻል ያስረዳል።

ለድሬዳዋ በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር ደግሞ ከጣሊያን እናንሣ። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የማርኮራ ሕግ፣ ፋብሪካቸው ሊዘጋ የደረሰባቸው ሠራተኞች ከሥራ አጥነት ድጎማቸው ካፒታል አዋጥተው ፋብሪካውን በማኅበር እንዲይዙት በር ከፍቷል። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ የለንም። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለረጅም ዓመታት ሠርቶ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ እስከ 12 ወር ደመወዝ የሚደርስ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ይህ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በቤት ወጪ ተበትኖ ያልቃል። አንድ ሙያ ያላቸው ዐሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ወር ሲሰናበቱ አስቀድሞ የሚያማክራቸው ሰው ቢኖር፣ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ አንድ ቶርኖ ቤት ወይም አንድ የስፌት ቤት ሊያቆም ይችላል።

የሐርላ ድንጋይ ጠራቢዎች እንበል

አሁን በሐርላ አካባቢ የሚኖሩ 12 ድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች ማኅበር ሊያቋቁሙ ተነሡ እንበል። የምንሰጠው ቁጥር ሁሉ ለማስረጃ የተወሰደ ምሳሌ ነው።

እያንዳንዱ አባል የ6,000 ብር ዕጣ ይገዛል፤ በአንድ ጊዜ ካልቻለ በየወሩ ይከፍላል። ጠቅላላው 72,000 ብር ይሆናል፤ ለመዶሻ፣ ለመሮ፣ ለጋሪና ለመጀመሪያ ጭነት ይውላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 አንድ አባል ከተከፈለው ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክል ነበር። እዚህ የእያንዳንዱ ድርሻ 8 በመቶ ገደማ ስለሆነ ችግር የለም። የክልከላው ዓላማ ግልጥ ነው፤ አንድ ባለ ገንዘብ ገብቶ ሌሎቹን የስም አባላት እንዳያደርጋቸው ነው። ያ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ስለ ተተካ፣ የመሥራቾችን ዝቅተኛ ቁጥርና ሌሎቹንም ድንጋጌዎች በሥራ ላይ ካለው አዋጅ ማንበብ ያስፈልጋል። የከተማ አስተዳደሩ ማኅበራትን የሚያደራጅ መሥሪያ ቤት መተዳደሪያ ደንቡን በማዘጋጀት ያግዛል፤ ምዝገባውንም የሚያከናውነው እርሱ ነው።

አባላቱ በሠሩበት ቀን ቁጥር በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ቅድሚያ ክፍያ ይወስዳሉ። ዓመቱ ሲዘጋ ከሁሉም ወጪ በኋላ 360,000 ብር ተረፈ እንበል። ከዚህ 30 በመቶው፣ 108,000 ብር፣ ለመጠባበቂያና ለሥራ ማስፋፊያ ይቀመጣል። የቀረው 252,000 ብር ነው። አባላቱ በዓመቱ በጠቅላላ 3,000 የሥራ ቀን ሠርተው ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቀን 84 ብር ይደርሳል። 280 ቀን የሠራው 23,520 ብር፣ በሕመም ወይም በእርሻ ምክንያት 190 ቀን የሠራው 15,960 ብር ይወስዳል። ድንጋዩን የሚያስጠርበው አንድ አሠሪ ቢሆን ኖሮ 360,000 ብሩ በሙሉ የእርሱ ነበር፤ ጠራቢው ከቀን ሒሳቡ በቀር የሚጠይቀው አይኖርም።

ከሁሉ የሚጠነቀቁለት ያ 108,000 ብር ነው። አባል ሲወጣ የከፈለው ዕጣ ይመለስለታል፤ ከመጠባበቂያው ግን አይካፈልም። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት ግፍ ይመስላል፤ ክርክርም ያስነሣል። ነገር ግን መጠባበቂያው የሚከፋፈል ከሆነ ማኅበሩ በተጠናከረ ቁጥር አፍርሶ መካፈል ያጓጓል፤ ነገ የሚገባውም ወጣት ባዶ ቤት ያገኛል። ስለዚህ ይህን አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ከመጻፋቸው በፊት ዐሥራ ሁለቱም በቂ ጊዜ ወስደው ይከራከሩበት፤ በኋላ ከመጣላት ቀድሞ መከራከር ይሻላል።

የቀን ሠራተኛ መቅጠር ግድ የሚሆንበት ጊዜ ይኖራል። ደንቡ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያህል አብሮ የሠራ ተቀጣሪ አባል የመሆን መብት እንዳለው ይናገር። ያለዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐሥራ ሁለት አለቆችና አርባ ሎሌዎች ይሆናሉ።

አባላቱን በሃይማኖት ስለ መለየት አንዳንድ አጥቢያዎች ይጠይቃሉ። መልሱ አጭር ነው፤ አይለዩም። በሃይማኖትና በጾታ ሳይለዩ ለሁሉ ክፍት መሆን በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የኅብረት ሥራ መርሕ ነው። በሐርላማ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ በድሬዳዋም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ሲኖሩ፣ አንዱ የአንዱን አስከሬን ሲሸኙ የኖሩ ናቸው። ማኅበሩ ዐርብም እሑድም፣ በዓላትና ጾም ሲመጡም የሥራ ሰዓቱን በስምምነት ያመቻቻል። ብድር ሲወስድ ደግሞ ወለድ መክፈልን ሃይማኖታቸው የሚከለክላቸው አባላት እንዳሉ ታውቆ ከወለድ ነጻ የሆነው የባንክ አገልግሎት ይታሰብ። እንዲህ ካልተደረገ ማኅበሩ ገና ሳይጀምር ሰፈሩን ለሁለት ይከፍላል፤ ጉዳቱም ከሥራ አጥነቱ ይብሳል።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻና ወሰኑ

ታላቁ እርዳታችን ገንዘብ አይደለም፤ ገዥ መሆን ነው። በአንድ ሀገረ ስብከት ያሉ አጥቢያዎች በዓመት የሚገዙትን እስቲ ቆጥራችሁ እዩ፦ ጥርብ ድንጋይ፣ በርና መስኮት፣ ጧፍ፣ አልባሳት፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ለዝክርና ለንግሥ የሚሆን ምግብ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን ብቻውን ስንት ጧፍ እንደሚያበራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህ ገበያ አብዛኛው ከአካባቢው ውጭ ላለ ነጋዴ ይሄዳል። ሦስት አራት አጥቢያዎች ተስማምተው የዓመቱን ፍላጎታቸውን አስቀድመው ቢያሳውቁና ዋጋውና ጥራቱ እኩል ሲሆን ለማኅበር ቅድሚያ ቢሰጡ፣ አዲስ ማኅበር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፉ ዓመታት ሊሻገር ይችላል። ጥራቱ ካነሰ ግን በይሉኝታ አይገዛ። የኮብልስቶን ቡድኖቹ አንድ ደንበኛ ብቻ ይዘው የደረሰባቸውን ስላየን፣ ማኅበሩ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሌሎች ገዥዎችን እንዲፈልግም ከመጀመሪያው ይመከር።

አልባሳትን በሚመለከት አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ደመወዛቸው ለቤተሰብ የማይበቃ ካህናትና ዲያቆናት፣ የእጅ ሙያ ያላቸውም የአብነት ተማሪዎች፣ ከአገልግሎት ሰዓት ውጭ በስፌትና በጥልፍ ማኅበር ቢሠሩ አገልግሎታቸውን የሚያዋርድ ነገር የለበትም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር።

ሰበካ ጉባኤ ከሱቆቹ አንዱን ለማኅበሩ ሊያከራይ ይችላል። በነጻ ባይሆን እንመርጣለን፤ በነጻ የተሰጠ ቤት የአስተዳዳሪ ለውጥ ሲመጣ በነጻ ይወሰዳል። ውል ተጽፎ፣ ኪራዩ በመጀመሪያው ዓመት ቀንሶ፣ ከዚያ ወደ ገበያው ዋጋ ደረጃ በደረጃ ቢወጣ ሁለቱንም ወገን ያስከብራል። ተዘዋዋሪ ብድር ከተሰጠም የመክፈያው ቀን ይጻፍ፤ ብድሩ ሲመለስ ለሚቀጥለው ማኅበር ይዋል።

በ1965 ዓ.ም. የታወጀው ቃለ ዓዋዲ ካህናትንና ምእመናንን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ በጀት ማጽደቅን፣ ሒሳብ ማስመርመርን አስተምሮናል። ይህን ልምድ ለማኅበሩ ማካፈል ትልቅ ስጦታ ነው፤ ከአጥቢያው የሒሳብ ባለ ሙያ አንዱ ለስድስት ወር ያህል የማኅበሩን ጸሐፊ መዝገብ አያያዝ ቢያሠለጥነው ከብዙ የገንዘብ እርዳታ ይበልጣል። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው በማኅበሩ ሥራ አመራር ውስጥ መቀመጫ አይያዝ፤ በባንክ ፊርማ አይግባ፤ በቤተ ክርስቲያን ስም ዕጣ አይግዛ፤ የአባላትን ምርጫ አያጽድቅ። አስተዳዳሪው አባት ለቡራኬና ለምክር ይጠሩ እንጂ ሰብሳቢ አይሁኑ። አንድ ቀን ማኅበሩ ቢከስር ወይም ቢካሰስ ቤተ ክርስቲያን የምታስታርቅ እንጂ የምትከሰስ እንዳትሆን ይህ ወሰን ከወዲሁ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ለመጀመር የሚያስብ አጥቢያ ከምዝገባ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ይስጥ። ሊተባበሩ የሚያስቡት ሰዎች በዚያ ጊዜ እቁብ ይጣሉ፤ አንድ ትንሽ ሥራ፣ ለምሳሌ የአንድ ቤት አጥር ግንባታ፣ በጋራ ተቀብለው ይሥሩ፤ ገቢውንና ወጪውን በወፍራም ደብተር ጽፈው በየወሩ ለሁሉም ጮክ ብለው ያንብቡ። ከመካከላቸው ማንበብ የማይችል ካለ ቁጥሩን በቃሉ እስኪይዝ ይነበብለት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች መውጣታቸው አይቀርም፤ በቸርነት ይሸኙ፤ ዕጣ መግዛቱ፣ ደንብ ማርቀቁና ማኅተም ማስቀረጹ ከቀሩት ጋር ይጀመር።